የጃቢር ቦታ

ኩልሱም በጎንደር ከተማ በአንድ ጤና ጣቢያ መዝገብ ቤት ውስጥ የታካሚዎችን ካርድ ትይዛለች። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ግን ኮምፒውተር ነው፤ የአባቷን የሐጅ ሷሊሕን ጨርቅ መደብር ድረ ገጽ የሠራችውም እሷ ናት። በገጹ ላይ የአራቱ ልጆች ፎቶ በዕድሜ ተራ ተደርድሯል። የጻፈችው የኮምፒውተር ትእዛዝ እያንዳንዱን ፎቶ በተራው የመጀመሪያው መሆን አለመሆኑን ይጠይቃል፤ ከሆነ ከሥሩ «የመደብሩ ኃላፊ» ብሎ ስልኩን ያወጣል።

የመጀመሪያው ጃቢር ነበር። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ ሞተ፤ አላህ ይዘንለት። ሰደቃው ካለፈ በኋላም እናቱ ወይዘሮ ፈህሚያ ፎቶውን ባዩ ቁጥር ራሳቸውን ይስቱ ጀመር። ሐጅ ሷሊሕ ይነሣ አሉ። ኩልሱም መሰረዙ አልሆነላትም፤ እንዳይታይ ብቻ ደበቀችው።

ያን ጊዜ ገጹ ኃላፊም ስልክም አጣ። የእንፍራንዝና የሳንጃ ደንበኞች የሚያውቁትን የጃቢርን ቁጥር ይደውላሉ፤ ስልኩ በእናቱ ትራስ ሥር ይጮኻል።

ተከታዩ ወንድም ሳሊም ከፋው። «ምነው ኩልሱም፣ አሁን መጀመሪያ የሚታየው የእኔ ፎቶ አይደለም እንዴ? ወይስ ለገጽሽ አላምርም?»

«ሁለተኛ ነህ» አለችው። «የተደበቀ ቦታውን አይለቅም። ትእዛዙ የሚቆጥረው የሚታየውን አይደለም፣ ያለውን ነው።»

«እንግዲያስ አጥፊው።»

አላጠፋችውም። በመዝገብ ቤት የሟች ካርድ አይቀደድም፤ የሞተበት ቀን ተጽፎበት ሌላ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ይህን ልትነግረው አሰበችና ተወችው፤ ወንድማቸው ካርድ አልነበረም።

እናታቸው ከጓዳ ሰምተው መጡ። የሚጠፋው ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ነገሯቸው። አጠገቧ ተቀመጡ።

«ስንት ወለድሽ ሲሉኝ ሦስት ልበል?» አሉ። «ግለጪው ልጄ። ማየቱን እለምደዋለሁ።»

ኩልሱም ገለጠችው። ከሥሩ የተወለደበትንና የሞተበትን ዓመት ጻፈች። ኃላፊነቱን ከተራው አላቅቃ በሳሊም ስም አደረገችው። ሳሊም ቁጥሩን አነበበና ትክክል ነው አለ።

በማግስቱ ከሳንጃ አንድ ደንበኛ ለሳሊም ደወለለት። ጨርቁን ከመጠየቁ በፊት፣ የጃቢርን መሞት አሁን ገና በገጹ ላይ ማየቱን ነግሮ ስለ ወንድሙ አጽናናው።