በሩን ራሱ የከፈተ ቀን

የዱቄት መኪና ሹፌር ነው፤ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ጥሩምባው ነው። ቤቱ ሲደርስ ከመቀመጫው ንቅንቅ አይልም፤ ሚስቱ የያዘችውን ሥራ ጥላ የግቢውን በር እስክትከፍትለት ሰፈሩን በክላክስ ያደነቁራል። ከዘገየች ስድቡ ይከተላል። አሁን ጠጥቶ በማሽከርከር ተከሶ፣ የገዛ በሩ ላይ የያዘውን ትራፊክ ፖሊስ እየረገመ፣ ከሷ ጋር ጠበቃ ቢሮ ተቀምጧል።

«የትንፋሽ መለኪያው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ በሱ እንከራከራለን» አለ ጠበቃው። «ግን ያን ሰዓት ሁኔታዎን ያየ ምስክር ያስፈልገናል።»

«ይቺ አለች አይደል እንዴ? ተጎልታ ከምትውል አንድ ቀን እንኳ ትጥቀመኝ።»

ጠበቃው ወደ ሚስትየዋ ዞረ። «ችሎት ፊት ዐቃቤ ሕጉም ይጠይቅዎታልና እውነቱን ይንገሩኝ። ባለቤትዎ ያን ቀን እንዴት ነበሩ?»

«ክላክስ አላደረገም» አለች፣ ባሏን ሳታይ። «ወርዶ በሩን ራሱ ከፈተ። ከዚያ እንዴት ዋልሽ አለኝ።»

ጥሩምባው ደረቱን ነፋ። ጠበቃውም ብዕሩን አነሳ። «ታዲያ ደህና ነበሩ ማለት ነው።»

«ከተጋባን ጀምሮ» አለች፣ «በጤናው እንዴት ዋልሽ ብሎኝ አያውቅም።»