ፍራሽ የማታሞግሰው ሻጭ

እኔ ምላሴ ጤፍ ይቆላል። ዝናብ ሊጠለል የገባ ሰው እንኳ ስፕሪንግ ፍራሽ ሳላሸክመው ከሱቃችን አይወጣም። ባለሱቁ «አንቺ እያለሽ ዕቃ አያድርም» ይለኝ ነበር። ነበር ነው እንግዲህ፤ ያቺ አዲሷ ሻጭ እስክትቀጠር።

ከኋላዋ «ወይዘሪት እውነት» እላታለሁ። ፀጉሯን እንኳ በወጉ አታበጥርም። ደንበኛ ሲገባ ጫማውን ታስወልቅና ፍራሹ ላይ ታጋድመዋለች። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቡ ቁጭ! ዝም! ሰውየው ተገላብጦ ሲነሳ «ወገብዎ ሰምጧል፤ ይሄ ለእርስዎ አይሆንም» ትላለች። ውዱን ፍራሽ እኮ ነው! አንድ አዛውንትንማ ስለ አሮጌ ፍራሻቸው ጠያይቃ «ገና ደህና ነው፤ ገልብጠው ይተኙበት» ብላ ባዶ እጃቸውን ሰደደቻቸው። አበደች ብዬ ሳቅኩባት። ብዙም ሳይቆዩ አዛውንቱ ልጆቻቸውንና ምራታቸውን አስከትለው መጡ። ሁሉም ገዙ፤ ከእሷ። እርር ድብን አልኩ።

ቀናሁ፤ ምን እደብቃለሁ። ደንበኛው ሁሉ እኔን አልፎ «ያቺ ልጅ የለችም?» ይላል። ባለሱቁ ለአዲሱ ቅርንጫፍ ከሁለታችን አንዳችንን ኃላፊ እንደሚያደርግ ከነገረን ወዲህማ እንቅልፍ አጣሁ፤ ያውም ፍራሽ ሻጭ ሆኜ።

ባለፈው ቅዳሜ ወገቧን የሚያማት እናቴ ፍራሽ ልትገዛ መጣች። ደስ አለኝ። ባለሱቁም ወይዘሪት እውነትም ቆመዋል፤ ሽያጭ ማለት ምን እንደሆነ ላሳያቸው ነው። እናቴን በቀጥታ ውዱ ፍራሽ ጋ ወሰድኳት።

«እማዬ፣ ይሄ ለወገብ መድኃኒት ነው። ሐኪሞች የሚያዙት ይሄንን ነው።»

እናቴ በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችው። «የትኛው ሐኪም?»

«ሁሉም ነዋ!»

እጄን ያዘችኝ። በለሆሳስ የተናገረች መስሏት ሱቁ በሙሉ ሰማት። «የኔ ልጅ፣ እኔ ነኝ የወለድኩሽ፤ አውቅሻለሁ። አትቀየሚኝና ጎረቤቶቼ የሚያወሩላትን ያቺን ልጅ ጥሪልኝ።»

ባለሱቁ ሳቁን ሊውጥ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሹመቱ የማን እንደሆነ ጀርባው ነገረኝ።

ወይዘሪት እውነት ጎንበስ ብላ የእናቴን ጫማ አወለቀችላት፤ ደግፋም አጋደመቻት። ከዚያ ወንበሯን ሳበች። «እማማ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?»

እናቴ ዐይኗን ጨፍና ነገረቻት፤ ከግራ ዳሌዋ ጀምሮ እስከ ጉልበቷ፣ በተለይ ጎህ ሲቀድ። እኔ ቆሜ ሰማሁ። ይህን ሁሉ እናቴ ለእኔ ነግራኝ አታውቅም።