የጋሽ ውበቴ ልጅ እስክትደርስ

ጋሽ ውበቴ ሞቱ የሚለውን ያነበብሁት ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ እንደ እናንተው፣ ስልኬ ላይ። አላመንሁም። ትናንት ከሰዓት ደጃፋቸው ቁጭ ብለው የሱሪዬን እግር ሲያሳጥሩልኝ ነበር። ጋቢዬን ደርቤ ቤታቸው ሄድሁ። እውነት ነው። ንጋት ላይ ለጸሎት ሲነሱ ወደቁ፤ በዚያው ቀሩ።

ፎቷቸውን ከሻማ ጋር የለጠፈውን ልጅ አውቀዋለሁ፤ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው ያለ። ደወልሁለት።

«ልጃቸው ሰምታለች?»

«እኔ እንጃ ጋሼ። ሌሎቹ እንዳይቀድሙኝ ብዬ ነው እኮ።»

«ምኑን ነው የሚቀድሙህ?»

«ዜናውን።»

አጠፋው። እስኪያጠፋው ግን ግማሽ ከተማ ተቀባብሎታል።

ይህ ነገር ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ ሰውየውን የማታውቁ አይገባችሁም። ጋሽ ውበቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጦርነቱ መጥቶ መንገድ ሲዘጋና ስልክ ሲቋረጥ፣ ልጁ መሞቱን ያልሰማ ቤት በየገጠሩ በዛ። ያኔ መቀሳቸውን አስቀምጠው በእግራቸው መርዶ ያደርሱ ጀመር። ይጁቤ ድረስ፣ ዲማ ድረስ። ማንም አልላካቸውም፤ ማንም አልከፈላቸውም።

በደንቡ ነበር የሚያደርሱት። መጀመሪያ ለጎረቤት ይነግራሉ። የሟች እናት እራቷን በልታ እንድትተኛ ይተዉአታል። ሊነጋጋ ሲል ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ ይገባል፤ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው እንዲኖር።

ሰው መጥቶ፣ «አንድ ልጅ ሞቷል፤ ይኼኛው እንኳ ከነዚያ ጋር የነበረ ነው» ሲላቸው፣ «እሱን ተወውና የእናቱን ስም ንገረኝ» ይሉ ነበር። ወታደር ይሁን ታጣቂ፣ ወይ ገበያ ሄዶ መሐል የተገኘ፣ ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም።

ጋዜጠኛ ነኝና ልጽፋቸው ፈልጌ ነበር። አለቃዬ «ይኼ ዜና አይደለም» አለኝ። እሳቸው ደግሞ ባሱ፦ «ጻፍና መንገዴን ዝጋብኝ! ነገ ኬላው ላይ ማን ነህ፣ የማን ነህ ቢሉኝ አንተ ትመልስልኛለህ?» ስለዚህ ብዙ ከንቱ ስብሰባ እየዘገብሁ እሳቸውን ሳልጽፍ ቀረሁ።

የእናት ስም መጠየቅ የጀመሩት ከአንድ ስሕተት በኋላ ነው። ይጁቤ አካባቢ ይበልጣል አዱኛ የሚባል ልጅ መሞቱን ሰምተው ሄዱ፤ ለእናቱ ለወይዘሮ አንጓች መርዶውን ነገሩ። ሴትዮዋ ጸጉሯን ተላጨች፤ ጥቁር ለበሰች። በሦስተኛው ቀን የልጇ የእጅ ጽሑፍ በሰው መጣ። ደኅና ነው። የሞተው ማዶ ካለው ደብር የሆነ ሌላ ልጅ ነው፤ ስሙም የአባቱም ስም አንድ ሆኖ።

ጋሽ ውበቴ ይህን ሲሰሙ ተመልሰው ሄዱ፤ ያንን ሁሉ መንገድ በእግራቸው። በድንጋይ ብትፈነክተኝ አይከፋኝም ብዬ ነበር የገባሁት ይሉኝ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ ማንን ልትገድልብኝ መጣህ?» አለቻቸው።

እግሯ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዘቻቸው። «ተቀመጥ። ያችኛዋ እናት ሰምታለች?»

«አልሰማችም።»

«እንግዲያ አብረን እንሄዳለን። ጥቁሬንም አላወልቅም።»

በነጋታው ማለዳ ገቡ። ወይዘሮ አንጓች ያችን እናት አቅፋ፣ «ሦስት ቀን ሙሉ ያንቺን ልቅሶ አልቅሼልሻለሁ፤ በቀረው አግዝሻለሁ» አለቻት። ይህንን ሲነግሩኝ ጋሽ ውበቴ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቅቷቸው ነበር።

እንግዲህ የእኚህን ሰው ሞት ነው በሻማ ምስል የለጠፋችሁት።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ትርንጎ። መርጡለ ማርያም መምህር ናት። ሁለት ሰዓት ላይ ደወለች።

«ጋሼ፣ ፌስቡክ ላይ አባቴን ሞተ ይላሉ። ሞክሼ ይሆናል አይደል? አባባ ራሱ አንዴ ተሳስቶ የለ?»

«አጠገብሽ ማን አለ?»

«ማንም። ሁሉም ክፍል ገብተዋል።»

«ሂጂና ሁለት ሴት መምህራን ጥሪ። ስልኩን አልዘጋውም።»

 እሳቸው ቤት ያደገች ልጅ ሰው ጥሪ ስትባል እንዴት አይገባት? ቢሆንም ሄደች። የጫማዋ ድምፅ ሲርቅ፣ ከዚያ የብዙ ጫማ ድምፅ ሲመለስ ሰማሁ። ይዘዋት መቀመጣቸውን ጠይቄ ነገርኋት። ቁርስ መብላቷን እንኳ አልጠየቅሁም።

ጩኸቷ ጋብ ሲል አንድ ቃል ብቻ አለች፦ «ጠብቁኝ።»

ሽማግሎቹ ግን ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ይቀበሩ ብለው ነበር። «የመርጡለ ማርያም መንገድ ዛሬ ዝግ ነው፤ መቼ እንደሚከፈት በምን እናውቃለን?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ብንጨቃጨቅ ብንጨቃጨቅ፣ በመጨረሻ እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ፈቀዱልኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ደቂቃ የለም።

ስለዚህ ሻማውን ተዉትና ይህንን አድርጉ። መንገዱ ከተከፈተ ነገ ጠዋት ከመርጡለ ማርያም ወደዚህ የሚነሳ መኪና ያላችሁ፣ ወይም ያለው ሰው የምታውቁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የጭነትም ይሁን። ትርንጎ ተዘጋጅታ፣ ሁለቱ መምህራን ይዘዋት መንገድ ዳር ትቆማለች። እኔ ራሴ እየጻፍሁ መሆኔን አልሳትሁትም። የጻፍሁት እሷ ከሰማች በኋላ ነው።

ጋሽ ውበቴ፣ ሬሳ ማሳደር እንደማይወዱ አውቃለሁ። ስንቱን ቤት በሰዓቱ ደርሰው፣ ዛሬ እኛ ነን ያዘገየንዎት። አንድ ሌሊት ብቻ ይታገሡን። ልጅዎ ልትመጣ ነው፤ እሷ ሳትሰናበትዎ እኔ ደኅና ይሁኑ አልልዎትም።