ሁለት ሳፋ ውሃ

ሰፈርተኛው ሁሉ «ለብታ» ነው የሚላት። የወጣላት ቅጽል ነው፤ ከመልመዷ የተነሳ እናቷ ባወጣችላት ስም ሲጠሯት ዞር የምትለው ዘግይታ ነው። የዕድሜዋን እኩሌታ ያህል የሠራችው አንድ ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ፣ ማሽን የማይነካው ሱፍ ብቻ በእጅ በሚታጠብበት የጓሮ ክፍል ነበር። አዲስ ሠራተኛ በመጣች ቁጥር ክርኗን ውሃው ውስጥ ትነክርና ዓይኗን ጨፍና፣ ክርንሽ ውሃ መኖሩን እስኪረሳ ድረስ ለብ ማለት አለበት ትላታለች። ሰው ለብ ሲል አይወደድም፤ ለሱፍ የሚሆነው ግን ለብ ያለ ውሃ ነው። ቅጽሉ ከዚያ ወጣ፤ ጡረታ ስትወጣም ተከትሏት ቤቷ ገባ።

ስለ ሱፍ ካልሲ የጠየቃት ሰው በዋዛ አይላቀቃትም። መጀመሪያ ካልሲውን መገልበጥ ነው፤ ላቡ ያለው በውስጥ በኩል ነዋ። ከዚያ ለስላሳ ሳሙና ውሃው ውስጥ ማሟሟት፣ ካልሲውን ማስተኛት፣ ትንሽ መተው። ማሸት የሚባል ነገር የለም፤ በመዳፍ ጫን ማድረግ፣ ለቀቅ ማድረግ ብቻ። መጠምዘዝማ በእሷ ቤት ወንጀል ነው። ፎጣ ላይ ተጠቅልሎ ውሃውን ፎጣው ይጠጣለታል፣ በኋላም ጥላ ያለበት ቦታ ተዘርግቶ በራሱ ጊዜ ይደርቃል። ጎረቤቶቿ ካልሲ ነው ወይስ አራስ ልጅ እያሉ ይስቁባታል። እሷም «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ትልና ሥራዋን ትቀጥላለች።

እውነቱን ለመናገር፣ ቀስ የምትለው ለሱፉ ብላ ብቻ አይደለም። እጇ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሐሳቧ ውልቅ ብሎ ይሄዳል። ላውንደሪ ሳለች የማታውቃቸውን ሰዎች እግር ስታስብ ትውል ነበር። ይሄ ተረከዙ የሳሳው ቤቱ ደረጃ የሚበዛበት ሰው ነው፤ ይሄ ጣቱ ጋ የተበሳው ጥፍሩን መቁረጥ የሚሰንፍ ነው፤ ይቺ ደግሞ ቆማ የምትጠብቀው ሰው አላት። እንዲህ እያለች ከተማውን በሙሉ ከቁርጭምጭሚት በታች ታውቀው ነበር። ባሏን እንኳ ፊቱን ልብ ብላ ከማየቷ በፊት የወደደችው በካልሲው ነው። ፖስተኛ ነበር፤ አንድ ቀን ዝናብ ያበሰበሰውን ግራጫ ካልሲውን አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። ገልብጣ ስታየው ሁለቱም ተረከዝ ያለቀው እኩል ነው። «እኩል የሚራመድ ሰው» አለች በልቧ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ከተጋቡ ወዲህ ካልሲውን የምትሠራለት ራሷ ናት፤ ሁልጊዜ ግራጫ፣ አፉ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው። እሱም ከተማውን በእነዚያ ካልሲዎች ላይ ቆሞ ዞረው። ጫማው ሲቀያየር ካልሲው ያው ነበር።

አምና ስትሮክ መታው። ምላሱ ተመለሰለት፣ እጁም ተመለሰለት፤ ግራ እግሩ ግን ቀረ። ከቁርጭምጭሚቴ በታች ያለው የሌላ ሰው ነው ይላል፤ ቢነኩት አያውቅ፣ ቢያዙት አይታዘዝ። ቤት ድረስ እየመጣች የምታሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ትዕግሥተኛ ወጣት ናት። እግሩን በየቀኑ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ እንዲያስቀምጥ፣ ሚስቱ እንድታሸው፣ እሱም ጣቶቹን ወደፊት እንዲገፋ ነገረችው። ሲያቅማማ ስታየው ጊዜ፣ አባባ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለም እንዴ አለችው።

«እንቁላሉ ጊዜ አለው፣ ልጄ» አላት።

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን መግፋቱን ተወው። ነገ ይላል፤ ነገ ሲመጣም ነገ ይላል። ወጣቷ በር ላይ ለብታን ለብቻዋ አቁማ፣ እማማ፣ አባባ በዚህ ሰሞን ካልሞከሩ እግራቸው ይደርቃል፣ ከወንበሩም ላይነሱ ይችላሉ አለቻት። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ስትናገረው ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ለብታ ምን ታድርግ? ለመነችው፤ ተቆጣችው፤ ልጃቸውን በስልክ አስለመነችበት። ሰውየው ሳቁን ሳይተው እንቢ አለ፤ የሚስቅ እንቢተኛ ደግሞ ከሚቆጣው ይብሳል። ሲጨንቃት ጊዜ ካልሲዎቹን ታጥብ ጀመር። ያልተረገጠ ካልሲ ምኑ ይታጠባል ይባል ይሆናል። ይሄ አልጠፋትም። ካልሲ ከታጠበ ግን የሚለብሰው ሰው አለ ማለት ነው፤ በእሷ ዘንድ ሒሳቡ እንደዚያ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሁለት ሳፋ ውሃ አዘጋጀች። ሳፋዎቹ አብረው የተገዙ፣ በመልክም በስፋትም የማይለዩ ናቸው። አንደኛው ሞቅ ያለ ነው፣ ለእግሩ፤ ሌላው ለብ ያለ ነው፣ ለካልሲዎቹ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የወለሉን ንጣፍ እስከ መሀል ድረስ ይዛዋለች። ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤት ራዲዮ ቃሉ በማይለይ ድምፅ ያወራል። ለብታ አንዱን ሳፋ ከወንበሩ ሥር አድርጋ ግራ እግሩን አስገባችለት፣ ሌላውን ይዛ ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ክርኗን መንከሩን ያን ቀን ረሳችው።

እጇ ውሃው ውስጥ ገባ፣ ሐሳቧም ሄደ። ባሏ በሩቁ መንገድ ጥግ ላይ ብቅ ሲል አየችው። ቦርሳው በትከሻው ነው፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል፣ እየሳቀ ይመጣል። ሁለቱም እግሩ ይረግጣል። መጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፣ እሷም እግሩን ይዛ ታሸው ጀመር፤ ተረከዙን፣ ውስጥ እግሩን፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ። ሞቅ ያለ እግር ነበር። ባሏ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ከሕልሙ ይሁን ከወንበሩ ሳትለየው «እ» ብላ ማሸቷን ቀጠለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ስትነቃ በእጇ የያዘችው ካልሲዎቹን ነበር። ሲታሹ የቆዩት በሙቁ ውሃ ነው። ሱፉ ተጣብቆ ደድሯል፣ ካልሲዎቹም ተኮማትረው የሕፃን ልክ ሆነዋል። ሆስፒታል ውስጥ ያላለቀሰችው ሴት፣ ልጇን ስታጽናና ያላለቀሰችው ሴት፣ እነሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች።

ባሏ ደንግጦ ምን ሆንሽ አላት። ሳፋ ተሳስቻለሁ፣ የአንተን ውሃ ለካልሲው፣ የካልሲውን ለአንተ ሰጥቻለሁ ብላ በሲቃ ነገረችው።

«ለካ ለዚህ ነው» አለ፣ «ዛሬ ውሃው ለብ ብቻ ያለብኝ። ብዬሽ ነበር እኮ፤ አልሰማሽኝም።»

ለብታ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ እጅጌዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

«በየትኛው እግርህ አወቅህ?»

ቀኝ እግሩ ጫማ ውስጥ ነው። ሳፋው ውስጥ ያለው ግራው ብቻ ነው። ባሏ ወደ ታች አየ፤ ሳይጠራ የመጣ እንግዳ እንደሚያይ ሰው ነበር አስተያየቱ። እሷ ደስ ሊላት ሲል የሱ ፊት ከለከላት። ሳቁ የት እንደገባ እንጃ።

«ፈራሁ» አላት። «የሌላ ሰው ነው ስል ተገላግዬው ነበር። አሁን የኔ ሆኖ ባይነሳስ?»

የምታውቀውን ብቻ ነገረችው፦ የተኮማተረ ሱፍ እርጥብ እያለ እግር ላይ ከተወጠረ ጥቂት ይመለሳል፤ አንዴ ከደረቀ አለቀለት። ይህን ስትል ስለ ካልሲው ብቻ ነበር የምታወራው። እሱ ግን ጭኗ ላይ ያለውን ካልሲ አየ፣ ከዚያ እግሩን።

«አምጪው» አለ።

ወለሉ ላይ ተንበረከከች። እግሩን በፎጣ አድርቃ እርጥቡን ካልሲ ከጣቶቹ ጀምራ ታስገባለት ጀመር። ግማሽ መንገድ ላይ ጠበበና ቆመ። ከውጭ ብትስበው ይቀደዳል፤ የሚያሰፋው ከውስጥ የሚመጣ ኃይል ነው። ግፋ ልትል ነበር፤ ቃሉ በዚህ ቤት ተብሎ ተብሎ ስላለቀ ተወችው። መዳፏን ከእግሩ ሥር አድርጋ ጠበቀች።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ ሱፉ ውስጥ አንድ ነገር ተላወሰ፣ በጣም ደካማ፣ ይኑር አይኑር የሚያጠራጥር። ቀና ብላ አላየችውም፤ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ግን ይሰማታል። ደግሞ ተላወሰ። ካልሲው የጣት ያህል ወደ ተረከዙ ተንሸራተተ። ባሏ የወንበሩን እጀታ ጨብጦ ወደ ፊት አዘነበለ፣ ክብደቱም ትንሽ በትንሽ ወደ ታች ወረደ፤ የእጇ ጀርባ ከቀዝቃዛው ወለል ጋር ተጣብቆ አጥንቷ ድረስ አመማት።

«እጅሽን አውጪ» አላት። «እረግጥሻለሁ።»

«እርገጠኝ» አለችው።