ኪሩብ ማለት

ትናንት ፒያሳ በአንድ ሱቅ መስኮት ክንፍ ያላቸው ጉንጫም ሕፃናት የተሣሉበት የሠርግ ካርድ አየሁና ፊቴ ጋለ።

አሥር ዓመቴ ነበር። አዲስ ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ለገና ድራማ ስንለማመድ፣ ከከተማው ዳር ከቡሹሎ የምትመጣ ማርታ የምትባል ልጅ ኪሩብ እንድትሆን ተመረጠች። ግራ ጉንጯን በሕፃንነቷ እሳት አቃጥሏታል። የዱቄት ሙጫ የሚሸተውን የካርቶን ክንፏን ስታስር፣ "ኪሩብ እኮ ቆንጆ ሕፃን ነው፤ እንዲህ ያለ ፊት የለውም!" አልኩ። ልጆቹ ሳቁ።

ሽማግሌው አስተማሪያችን ጋሽ ጴጥሮስ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ቃሉ ከዕብራይስጥ የመጣ ነው፤ ሕፃን ማለት አይደለም፣ ልጄ። ሕዝቅኤል ያያቸው ኪሩቤል አራት አራት ፊት ነበራቸው፤ የአንበሳም ፊት ጭምር። የኤደንን መንገድ የጠበቁትም እነሱ ናቸው። ጉንጫሙን ሕፃን ሠዓሊዎች ናቸው ኋላ ያመጡት።"

ማርታ ግን ክንፉን ፈትታ፣ "እሷ ትሁን፣ ጋሼ" አለችና ጀርባዬ ላይ አሰረችልኝ። ክንፉን ልመልስላት እችል ነበር፤ አልመለስኩም። የገና ዕለት ዘመርኩ፣ ተጨበጨበልኝ። እሷ አልመጣችም።

ዛሬ ማርታ እዚሁ ከተማ ነርስ ናት። ስንገናኝ አቅፋ ትስመኛለች፣ ስለ ልጆቼም ትጠይቀኛለች። እኔም ስለ ልጆቿ እጠይቃታለሁ። ይቅርታ ግን እስካሁን ጠይቄያት አላውቅም።