አምስተኛው ልዑክ

ባለፈው እሑድ ቄስ ተስፋዬ ሲሰብክ ደሜ ፈላ። «የጥንት አባቶቻችን» አለ፣ «የአረማውያንን የምስጢር መጻሕፍት ሳይቀር አንብበዋል። እዚያ ያገኙትንም የእውነት ፍንጣሪ ለክርስቶስ ምስክር አድርገው ጠቅሰዋል።» እልልታው ቀለጠ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ወለል ወለሉን አየሁ። ይህንኑ ነገር በሃያ አራት ዓመቴ ተናግሬ ምን እንደደረሰብኝ ከዚያ ሁሉ ሰው የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን።

ያኔ እዚሁ ስቶክሆልም ተማሪም ዲያቆንም ነበርኩ። ሃግሴትራ ከሚባል ሰፈር አጠገብ ከስዊድኖች በተከራየናት ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ነበርን፤ ልዑካኑ ከአምስት ካነሱ አይቀደስም። ለዩኒቨርሲቲ የጻፍኩትን ጥናት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለጉባኤው አነበብኩ። የአባቶችን ጥቅስ ከቤተ መጻሕፍት በራሱ ደብተር የገለበጠልኝ ጓደኛዬ ዲያቆን ተስፋዬ ነው፣ የዛሬው ቄስ። ገና ሳልጨርስ አስተዳዳሪያችን አባ ተክሌ ብድግ አሉ።

«አባቶቻችን ከጠንቋይ መጽሐፍ ተማሩ ነው የምትለው?»

«ተማሩ አላልኩም አባ፣ አንብበው ጠቀሱ ነው ያልኩት። ይኸው፣ የራሳቸው ቃል ነው።»

ወረቀቱን ዞር ብለውም አላዩት። «ሐሰት ነው በል። አለዚያ ነገ መቅደስ አትገባም።»

ሐሰት አልነበረማ። «ተስፋዬ ያውቃል» አልኩ። ተስፋዬ ጫማውን እያየ «እኔ ምንም አላየሁም» አለ።

ኅዳር ነበር፤ በማግስቱ ውሃ የቀላቀለ በረዶ ይጥላል። እህል ሳልቀምስ፣ የባቡር ጣቢያው የቀረፋ ዳቦ ሽታ እያስጎመጀኝ ሄድኩ፣ አባ ይራሩልኛል ብዬ። ከበር መለሱኝ። አምስተኛ ጠፋና ቅዳሴው ቀረ። አርባ ቀን የሞላውን ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ከኪስታ የመጣች እናት «ምን አደረግንህ?» አለችኝ። አባን አይደለም የጠየቀችው፣ እኔን ነው። ከዚያ ወዲህ ልብሰ ተክህኖ አልለበስኩም። መምህር ሆኜ ኖርኩ፣ ጡረታም ወጣሁ።

እንግዲህ ከስብከቱ በኋላ መስቀል ለመሳለም ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ።

«ጥቅሶቹን ከየት አገኟቸው፣ አባ?» አልኩት።

«ከድሮ ደብተሬ» አለ፣ ዓይኑን ሳያነሳ። መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርጎ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አለኝ።

አሜን ማለት ነበረብኝ። «እርስዎን ያስቀድም» ብዬው ወጣሁ።

ባቡር ውስጥ ነው የገባኝ። ይህን ሁሉ ዘመን የተቀየምኩት አባ ተክሌን ይመስለኝ ነበር፤ እሳቸውማ የመሰላቸውን ተናግረው አርፈዋል። ደብተሩን እቤቱ አስቀምጦ አላየሁም ያለኝን ግን ይቅር ማለት አቃተኝ።