ከዛንድስፕሩት እስከ ወርቁ ጌታ ቤት

ቅዳሜ ጠዋት ሱቃችንን ለባለቤቴ ትቼ ከከተማው ዳር ካለው ሰፈራችን ከዛንድስፕሩት ተነሣሁ። የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም፤ ልጄን ትዕግስትን ይዤ ልመለስ ነው። ዮቪል በሚባል ሰፈር አክስቷ ዘንድ እየኖረች፣ ፓርክታውን ኮረብታ ላይ ባለ አንድ ሙዚየም የአሮጌ ዕቃ ጥገና ትማራለች። የሙከራ ጊዜዋ ስላለቀ ሰኞ እንደምትቀጥል ወይም እንደምትተው ቃሏን መስጠት አለባት። ሸሪኬ በኮሮናው ጊዜ አገር ቤት ገብቶ ስለቀረ እኔም ረዳት ቸግሮኛል። እውነቱን ልጻፍ ካልኩ ደግሞ፣ ወጣት ልጅ ያረጀ ወንበር ስታስታምም መዋሏ ሥራ መስሎ አልታየኝም ነበር።

በመንገድ

ጣቴን ወደ ሰማይ ቀስሬ ወደ ከተማ የሚሄድ ታክሲ አስቆምኩ። መስኮቱ ሁሉ በኮሮናው ደንብ መሠረት ተከፍቶ ብርዱ ይጋረፋል። ከኋላ የተቀመጡት የታሪፉን ገንዘብ በትከሻችን ላይ ወደ ፊት ያሳልፋሉ። አጠገቤ ያለው ጎረምሳ ጭምብሉን አገጩ ላይ አንጠልጥሎታል።

“አንተ፣ አፍንጫህ አገጭህ ላይ ነው?” አልኩት በእንግሊዝኛ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ልጁም “ይቅርታ ባባ” ብሎ ወደ ላይ ሳበው። ምክር ሰሚ ሲገኝ ደስ ይላል።

ከተማ ወርጄ ማግዊንያ ገዛሁ፤ እኛ ቦምቦሊኖ የምንለው ነው። እሱን እየበላሁ ኮረብታውን በእግሬ ወጣሁ። ጃካራንዳው አብቦ አስፋልቱ ሐምራዊ ሆኗል።

ቤቱ

ትዕግስት በሽርጥ፣ ጣቶቿ ላይ ሙጫ ደርቆባት በር ላይ ጠበቀችኝ። “አባዬ፣ መጀመሪያ ቤቱን እይ፤ ከዚያ ትቆጣኛለህ” አለች።

ቤቱን ያሠራው በወርቅ ማዕድን የከበረ አውሮፓዊ ነው። በአገሩ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ቀንቶ ድንጋይና እንጨት ጠራቢዎችን ከባሕር ማዶ አስመጣ። አሠራሩን ባሮክ ይሉታል፤ ቀጥ ያለ ነገር የሚጠላ አሠራር ነው። ደረጃው እንደ ወንዝ ይጠማዘዛል፣ ጣሪያው ላይ ክንፍ ያላቸው የጄሶ ሕፃናት ወይን ይለቅማሉ።

“ወርቁን የቆፈሩትስ የት ይተኙ ነበር?” አልኳት።

“በማዕድኑ ግቢ ውስጥ፣ በሲሚንቶ መደብ ላይ። እሱንም ጽፈን ሰቅለነዋል።” ወስዳ ጽሑፉን አሳየችኝ። ያልተደበቀ ታሪክ በማየቴ ቤቱን ማክበር ጀመርኩ።

ጌታው ብዙ አልኖረበትም። ሲሞት ሚስቱ ሸጠችው። በጦርነት ጊዜ ቁስለኛ ተኛበት፣ ቀጥሎ የመንግሥት ቢሮ ሆነ፣ ጸሐፊዎች ከነዚያ ሕፃናት ሥር ተቀምጠው ታይፕ መቱ። ጣሪያው አፍስሶ ሊፈርስ ሲል የከተማው አስተዳደር ተረከበና የወንበር፣ የሰዓት፣ የሸክላና የመጋረጃ ሙዚየም አደረገው። ትዕቢት ያሠራውን ጊዜ ለሕዝብ አወረሰው።

ወንበሩ

በላይኛው አዳራሽ አንዲት በዕድሜ የገፉ የጥበቃ ሠራተኛ ተቀምጠው ነበር። ስገባ ብድግ ብለው በአገሩ ቋንቋ “ሳውቦና፣ ባባ” ሲሉ ሰላምታ ሰጡኝ። በእኛ ወግ ታላቅ ሲገባ ተነሥተው “ኖር” ይላሉ፤ እሱም “በእግዜር” ብሎ ይቀመጣል። እሱ ቆሞ ከቀረ የተነሡለትም ቆመው ይቀራሉ፤ ነውር ነው። በዚህ አገር ስንት ዓመት ከሱቄ የብረት ፍርግርግ ኋላ ስሸጥ የተነሣልኝ ሰው አላየሁም። ልቤ ተነካ። “በእግዜር፣ እናቴ” አልኩና በእጄ እንዲቀመጡ ለምኜ፣ እሳቸው እንዲያርፉ እኔም አጠገባቸው ባለው ወርቅ ቅብ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ሴትዮዋ ደንግጠው በጭምብላቸው ላይ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ትዕግስት ጮኸች፦ “አባዬ! ተነሥ!”

“አባት በሰው ፊት ተነሥ ይባላል?” ብዬ ይበልጥ ተደላደልኩ።

“የሙዚየሙ ቅርስ ነው! ዛሬ ጠዋት ከጥገና አውጥቼው ሰው እንዳይነካው የሚከልለውን ገመድ ገና አልዘረጋሁም። እግሩን የቀጠልኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ከተሰበረ ሰኞ የሚባል ነገር የለኝም!” እንባዋ መጣ።

እኔ ደግሞ ቀላል ሰው አይደለሁም። እንቁላል ላይ እንደተቀመጠ ሰው ቀስ ብዬ ተነሣሁ። የጥገናው ኃላፊ፣ አንድ ቀጭን ሽማግሌ፣ እየሮጠ መጣ። ተንበርክኮ መጋጠሚያውን በባትሪ አየ፣ እግሩን ይዞ ነቀነቀ።

ቀና ብሎ ከላይ እስከ ታች ለካኝ። “እንኳን አንተን፣ ድመትም አላስቀምጥበትም ነበር” አለ። “ግን ንቅንቅ አላለም።” ስለ ገመዱ ልጄን ሊቆጣ ሲል ቀደምኩት።

“ሁለተኛ ገመድ ሳትዘረጊ ወንበር አታውጪ” አልኳት። “ከሰኞ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር እንዳልሰማ።”

“ከሰኞ ጀምሮ?”

“ጆሮሽን ያምሻል?”

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። በኮሮና ጊዜ ርቀት ይጠበቃል ብዬ ልገሥጻት ነበር፤ ተውኩት።

መመለስ

ማታ ሱቅ ስደርስ ባለቤቴ “ልጅቷስ?” አለች።

“ሥራ ላይ ናት።”

ያ ጌታ ቤቱን ለስሙ አሠራው፤ እኔ ስሙን መንገድ ላይ ረሳሁት። ያልረሳሁት ማንም ጎንበስ ብሎ የማያየውን፣ ያን ሁሉ ክብደቴን ችሎ የያዘኝን መጋጠሚያ ነው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር መሥራት ከቻለ ወላጁ መንገድ ሊዘጋበት አይገባም።

ከፍርግርጉ ኋላ በርጩማዬ ላይ አረፍ ስል እንደ ልማዱ አቃሰተ። ባለቤቴ መዶሻ አቀበለችኝ፦ “እንግዲህ እንደ ፊተኛው ሚስማር ምታበት።”

“ተይው፤ እንዳትነኪው” አልኳት። “ነገ እሁድ ነው፤ ባለሙያዋ ትመጣለች።”